ወደ ጢስ ዓባይ፣ በጉንደ ወይን አድረን

እናቴ ጢስ ዓባይን አይታ አታውቅም ነበር። ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጌሾና ቅመም ስትሸጥ ግን ፏፏቴው በየቀኑ በእጇ ያልፍ ነበር፤ የአሮጌው አንድ ብር ጀርባ ላይ ስለነበረ። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ዓባይን እስላለሁ፣ ፏፏቴ እንዴት እንደሚፈጠር አስረዳለሁ፣ ግን እኔም ሄጄ አላየሁትም። ስለዚህ በመስቀል ሰሞን አንድ ቀን ምሳ እየበላን እናቴ "ዘንድሮ ያንን ውሃ አሳዩኝ" ስትል ብዙም አልገረመኝም። ያስደነገጠኝ ቀጥላ ያለችው ነው። ወደ ወንድሜ ዞራ፣

"አንተ ትነዳለህ" አለችው።

የወንድሜ እጅ ሞሰቡ ላይ ቀረ። ተነሥቶ እጁን ታጥቦ ወደ ሥራው ሄደ።

ወንድሜ ታላቄ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ነድቷል። ካቻምና ክረምት ሲገባ ግን ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው ከነተሳፋሪዎቹ ወሰዱት። ዘጠኝ ቀን የት እንዳለ ሳናውቅ ቆይተን፣ ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ ባዋጣው ገንዘብ አስለቀቅነው። ሲመለስ ጢሙ አድጎ፣ ጫማው ተገንጥሎ ነበር። ሚኒባሱን ሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። አሁን ጎሚስታ ነው፤ የሌሎችን ጎማ እየለጠፈ ይሸኛል። በዘጠኙ ቀን ምን እንደደረሰበት ለማንም አልተናገረም፤ እኛም መጠየቅ ፈራን።

የዚያን ዕለት ማታ እናቴን ለብቻዋ ይዤ ለመንኳት። "እማዬ፣ ውሃው የትም አይሄድም። አገሩ ሲረጋጋ እወስድሻለሁ" አልኳት።

"ውሃው አይሄድም" አለች። "ወንድምሽ ግን እየሄደ ነው። አታይውም?"

አይቼዋለሁ። ከሥራ ሲመጣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ የሚቀመጠውን፣ ውጭ መኪና ሲቆም የሚታይበትን ድንጋጤ፣ ማውራት መተዉን ሁሉ አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ራሱ መጥቶ "መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ እቅድ ማውጣት የእኔ ሥራ ሆነ። ሌላ ሰው ለሽርሽር ሲዘጋጅ ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ እኔ ያሰብኩት ሁሉ የፍርሃት ነበር። በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ በኩል ያለው መንገድ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የቀረን በቢቸና ዞሮ፣ በጉንደ ወይንና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው ነው። ጉንደ ወይን ላይ ኮሌጅ አብራኝ የተማረች መምህርት ጓደኛ አለችኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት እንዳንንቀሳቀስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ እንዳንገኝ ወሰንን፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን እሷ ቤት ማደር ግድ ሆነ።

በየጠዋቱ እደውልላታለሁ። በስልክ በግልጽ ስለ መንገድ ማውራት ስለሚያስፈራን ስለ አየር ጠባይ እናወራለን። "ሰማዩ ጥርት ብሏል" ካለችኝ መንገዱ ሰላም ነው። "ደመና አለ" ካለች መጠበቅ ነው። "እየዘነበ ነው" ካለች ከቤት አለመውጣት ነው። አንድ ቀን የእውነት ዝናብ ዘንቦ እሷም ረስታ ነገረችኝ፤ ግማሽ ቀን ሙሉ የሷን ሕይወት ስሰጋ ዋልኩ።

ከሥራ ባልደረባዬ አሮጌ ኮሮላ ተዋስኩ። የሦስታችንንም መታወቂያ አዘጋጀሁ። ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያየሁ አጠፋሁ፤ ጥግ ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ እንግዳ የቆመበትን የዘመድ ሠርግ ፎቶ ሳይቀር። ሰው ቢያስቆመን የምንለውንም አጠናን፦ እናታችን ታማለች፣ ባሕር ዳር ሐኪም ልናሳያት ነው። እናቴ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። እንደተስማማች ቆጠርኩት።

የተነሣን ዕለት ጓደኛዬ ሰማዩ ጥርት ብሏል አለችኝ። ወንድሜ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። እናቴ ከጎኑ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ታያለች፤ አላጣደፈችውም። እኔ ከኋላ ሆኜ የአንገቱን ላብ አያለሁ። በመጨረሻ አስነሣና ወጣን።

እስከ ቢቸና ድረስ ማሳው ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ፣ የአደይ አበባው መንገዱን ይዞ፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን መስኮት ከፍቼ የማየው አገር ነበር። አሁን የማየው መንገዱን ብቻ ነው። ከፊታችን የሚመጣ መኪና ሲጠፋ እፈራለሁ፤ መኪና ሲመጣም እፈራለሁ። ሰው የሌለበት መንደር ባየሁ ቁጥር ሰዎቹ የት ሄዱ እላለሁ። ወንድሜ ከሠላሳና ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም ነበር።

ደብረ ወርቅን አልፈን አንድ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲያ አራት ወጣቶች መሣሪያ ይዘው ቆመዋል። የማን ወገን እንደሆኑ ከልብሳቸው መለየት አልቻልኩም። ወንድሜ መኪናውን አቆመ። ሁለት እጁን መሪው ላይ ዘርግቶ አስቀመጠ፤ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ መሪውም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ከአራቱ በዕድሜ ከፍ የሚለው ቀርቦ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። መታወቂያችንን ተራ በተራ አየ። የኋላውን ዕቃ መጫኛ አስከፍቶ ፈተሸ፤ ያገኘው ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና የእናቴን ጋቢ ነው። ተመልሶ መጣና ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። እኔ የተጠናውን ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

"ጢስ ዓባይን ልናይ ነው" አለች።

ሰውየው አልገባውም። "በዚህ ጊዜ?" አለ። ከዚያ ዓይኑ የወንድሜ እጅ ላይ ዐረፈ። ድምፁ ተለወጠ። "አንተ፣ ምን ደብቀህ ነው የምትንቀጠቀጠው? ውረድ።"

ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም። አንገተ ደንዳና ሆኖ አይደለም፤ እግሩ እምቢ ብሎት ነው። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ወጣቶች መጠጋት ጀመሩ። ያን ጊዜ እናቴ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ገበያ ላይ ደንበኛ የምታናግር ያህል፣ እንዲህ አለች።

"የደበቀው የለም ልጄ። ካቻምና እንዳንተ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከዚሁ መንገድ ወስደው ዘጠኝ ቀን ዱር አሳደሩት። ከዚያ ወዲህ መሪ ሲይዝ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። እኔ ነኝ ያስወጣሁት።"

በዚያች ቅጽበት ሁላችንንም የገደለችን መሰለኝ። መሣሪያው ላይ ያለውን የሰውየውን ጣት ብቻ አየሁ። እሱ ግን ወንድሜን አየው። ወንድሜም ቀና ብሎ አየው። ሰውየው መታወቂያዎቹን ለእናቴ መለሰና ገመዱን እንዲያወርዱ በእጁ ምልክት ሰጠ።

"ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጉንደ ወይን ይግቡ እናቴ" አለ። "ከዚያ በኋላ ያሉትን እኛም አናውቃቸውም።"

ጉንደ ወይን ስምንት ሰዓት ላይ ገባን። ከተማዋ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ሱቆች፣ የእህል መጋዘኖችና ምግብ ቤቶች ናት፤ የዚያን ዕለት ግን ግማሾቹ በሮች ተዘግተው ነበር። ጓደኛዬ ከአጥሯ ውጭ ቆማ ስትጠብቀን አገኘናት። ለእናቴ አልጋዋን ለቀቀችላት። እኔ ውሃ ይዤ ወንድሜን ልፈልግ ብወጣ ግቢው ውስጥ የመኪናውን ጎማ እያጠበ ነው። ያልቆሸሸውን ጎማ። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ሳልጠይቀው ጀመረ። ዓይኑን ከጎማው አላነሣም። ያኔ ቁሙ ሲሉት ሰዎቹ ገና ሩቅ እንደነበሩ ነገረኝ። ነዳጅ ረግጦ ማለፍ ይችል ነበር፤ ወይም አሁን እንደዚያ ይመስለዋል። ግን አቆመ። ዱር ካስገቧቸው በኋላ ቀን ቀን እየሸሸጉ፣ ሲመሽ ያስኬዷቸው ነበር። ተሳፋሪዎቹ ውስጥ የልጃቸውን ምርቃት ሊያዩ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እግራቸው አልሄድ ስላላቸው ሁለት ቀን እየተቀባበሉ ተሸከሟቸው። በሦስተኛው ቀን መሸከሙ አቃታቸው። ታጣቂዎቹም ተዉአቸው ብለው አዘዙ።

"ዛፍ ሥር አስቀምጠናቸው ሄድን" አለኝ። "ነጠላዬን አለበስኳቸው። ምን እንደሆኑ እስከዛሬ አላውቅም። እኔ ነኝ ያቆምኩት። ሰዎቹ እኔን አምነው ነበር የተሳፈሩት።"

ብትረግጥ ኖሮ ይተኩሱባችሁ ነበር አልኩት። አውቃለሁ አለ፤ ማወቁ ግን እንደማይረዳው ከፊቱ ይታየኝ ነበር። አብሬው ተቀመጥኩ፤ አራተኛውን ጎማ አጥቦ እስኪጨርስ።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዬ ሞጣ ያሉ ዘመዶቿ ጋ ደውላ "ደመና ነው አሉ" አለችን። ጠበቅን። አራት ሰዓት ላይ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ይሄኔ ወንድሜ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ከዚህ በኋላ እናቱን ይዞ እንደማይሄድ፣ አንድ ነገር ቢደርስባት መኖር እንደማይችል፣ ወደ ደብረ ማርቆስ እንመለስ ብሎ ተናገረ። በልቤ ደስ አለኝ። ገና ሳንነሣ ስመኘው የነበረው ይህንኑ ነበር።

እናቴ ተነሥታ ወጣች። የመኪናውን የፊት በር ከፍታ ገብታ ተቀመጠችና በመስኮቱ ጠራችው።

"እኔ ተሳፋሪህ አይደለሁም፤ እናትህ ነኝ" አለችው። "አቁም ካሉህ ታቆማለህ። አብሬህ እቆማለሁ። ሌላ ምን ልታደርግ ትችላለህ?"

ወንድሜ ወደ ቤት ተመልሶ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣ።

ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር ሁለት ጊዜ አስቆሙን፤ ሁለቱንም ጊዜ መታወቂያ አይተው ለቀቁን። ባሕር ዳር ሳንቆም በኮረኮንቹ መንገድ ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ ቀጠልን። ጎብኚ የሚባል ሰው አልነበረም። ወንዙን የሚያሻግረው ጀልባ ከሞላ ጎደል እኛን ብቻ ሲጠብቅ የዋለ ይመስል ነበር። ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል። ወንድሜ እናቴን ደግፎ ካሳፈረ በኋላ ቀዛፊውን፣ ውሃው እንዲህ ሲሆን ሰው ማሻገር አያስፈራህም ወይ ብሎ ጠየቀው።

"እፈራለሁ እንጂ" አለ ቀዛፊው። "ለዚህ ነው ከላይ የምነሣው። ከማረፊያው ትክክል ብነሣ ታች ይወስደኛል።" እየተናገረም በዳር በዳሩ ጀልባዋን ወደ ላይ ይገፋት ነበር።

ከማዶ ሜዳውን አቋርጠን ስንሄድ መጀመሪያ ድምፁ፣ ከዚያ ጢሱ መጣ። ስለዚያ ውሃ ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን መሬቱ ከእግሬ ሥር እንደሚንቀጠቀጥ አልነገርኳቸውም። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ረጅም ጊዜ ቆመች። ካፊያው አረጠባት። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ የወሰንነው ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ቢያንስ ከመምሸቱ በፊት ባሕር ዳር መግባት አለብን። ወንድሜ ግን ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከካቻምና ወዲህ ጀርባውን ለሜዳ ሰጥቶ ሲቀመጥ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው።

ባሕር ዳር አድረን በመጣንበት መንገድ ስንመለስ ጓደኛዬን ልንሰናበት ጉንደ ወይን ቆምን። እሷም አንዲት ጎረቤቷን ይዛ መጣች። ሴትዮዋ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋለች፤ ሪፈር የተጻፈላት ለደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ መኪና አጥታለች። ጓደኛዬ የተናገረችው ለእኔ ነበር፤ ዓይኗ ግን ወንድሜ ላይ ነው። እኔ እሱን ላለማየት ወደ ሱቆቹ ዞርኩ። ወንድሜ የሪፈሩን ወረቀት ተቀብሎ አነበበው። ሕፃኑን አየ። መንገዱን አየ።

"ላስቆመኝ ሁሉ ነው የምቆመው፤ አልሮጥም" አላት ለሴትዮዋ።

እሷ ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባትም። "እሺ ወንድምዓለም፣ እንደፈለግህ" አለችና ከጎኔ ገባች።

ገመድ የተወጠረበት ቦታ ስንደርስ ማንም አልነበረም። ማንም አለመኖሩ ከቀድሞው ይልቅ አስፈራኝ። የሕፃኑ ትኩሳት በልብሱ አልፎ ይሰማኛል። እናቴ ከፊት አንቀላፍታለች። ወንድሜ በሃምሳ፣ በስድሳ ይነዳ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ወርዶ የሴትዮዋን ፌስታል ይዞ አብሯት ገባ። እኔና እናቴ መኪናው ውስጥ ጠበቅን። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ልፈልገው ገባሁ። ካርድ ክፍሉን አለፍኩ፣ ኮሪደሩን ጨረስኩ። የሕፃናት ክፍል በር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሕፃኑን ታቅፏል፤ እናቲቱ ካርድ ልታወጣ ተሰልፋለች። ምን ሆነህ ነው አልኩት።

"ተራዋ እስኪደርስ ነው" አለኝ። ትንሽ ጠጋ ብሎም ቦታ ለቀቀልኝ።