አሜን የተባለለት ቦይ

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ዘጌ ተወልደው፣ ዜማና ቅኔ ፍለጋ አገር ለአገር ዞረው፣ በጉልምስናቸው ባሕር ዳር ገብተው ከጣና ዳር ዝቅ ካለው ሰፈር ጎጆ የቀለሱ ሰው ናቸው። ሰፈሩ የሚያውቃቸው በምርቃታቸው ነው። እንዴት ያለ ምርቃት! ድምፃቸው ከጉሮሮ የሚወጣ ሳይሆን ከሐይቁ ማዶ ነፋስ ያመጣው ይመስላል። "ከዳኛ ደጅ፣ ከሐኪም እጅ ይሰውራችሁ፤ የዘራችሁትን ወፍ አይቅደማችሁ" ሲሉ፣ የተኳረፈ ጎረቤት እንኳ ሳያስበው መዳፉን ይዘረጋል። ሠርግም ሆነ ዕርቅ፣ የቀበሌ ስብሰባም ቢሆን፣ ያለ እሳቸው አይዘጋም። እሳቸው ከመረቁ በኋላ ደግሞ ማንም አይናገርም። በአሜን ላይ ቃል መደረብ ነውር ነው።

ወለላን ቤቷን ያሳጣት ይኸው ልማድ ነው።

ወለላ ከሐይቁ ዳር አሳ ጠብሳ እየሸጠች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤታቸው ናት፤ ነገር በሆዷ አታሳድርም። አምና በበጋ፣ የሰፈሩን ጎርፍ የሚወስድ ቦይ ሊሠራ ነው ተብሎ ነዋሪው ቀበሌ አዳራሽ ተጠራ። ሊቀመንበሩ አንዳርጋቸው ስለ ልማት ረጅም ንግግር አደረገ። ተቋራጩን ወክሎ የመጣው ኃይለ ገብርኤልም ስለ ድንጋዩና ስለ ሲሚንቶው አብራራ። የቆርቆሮው ጣራ ግሎ፣ ሰው በነጠላው ጫፍ ፊቱን እያራገበ ሳለ ወለላ እጇን አነሣች።

"ደግሞ ጀመራት!" አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው። ሳቅ ሆነ።

አንዳርጋቸው ወደ መሪጌታ ተመለከተ። መሪጌታም ገባቸው። ሰዉ ደክሟል፤ በፍቅር የተጀመረ በፍቅር ይለቅ ብለው ተነሡና የሠሪውን እጅ፣ የውኃውን መንገድ፣ የሰፈሩን ሰላም መረቁ። አዳራሹ "አሜን!" ሲል የወለላ እጅ ገና አየር ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ወረደ፤ ወርዶም እንደ ሌላው ሰው እጅ መዳፉ ተዘረጋ።

ደጅ ሲወጡ፣ "አባቴ፣ አፌን በአሜን ከደኑብኝ!" አለቻቸው።

"ላንቺ አፍ የሚገጥም ክዳን ከተገኘማ ስለት አለብኝ!" አሉ እሳቸው። ተሳሳቁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው ያ ሳቅ ነው።

ቦዩ ተሠራ፤ ያምር ነበር። ከላይኛው ሰፈር ጀምሮ በተጠረበ ድንጋይ እየተሽሎከለከ ወረደ። ሐይቁ ድረስ ግን አልሄደም፤ ከወለላ አጥር ሥር ቆመ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ድሮ በየደጁ ይበተን የነበረው ጎርፍ፣ መንገድ ተጠርጎለት፣ አንድ ሆኖ ከወለላ ጓዳ ገባ። መሪጌታ ሲደርሱ የጭቃው ግድግዳ ተደርምሷል፤ ልጆቹ አልጋ ላይ ቆመዋል፤ የአሳ መጥበሻው በውኃው ላይ ይዞራል።

"ያን ቀን ምን ልትጠይቂ ነበር?" አሏት።

"የት ነው የሚያልቀው? ልል ነበር። ሌላ ምን አውቃለሁ አባቴ?"

ይህን ለመስማት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? አንድ ትንፋሽ ቢታገሡ ኖሮ!

በማግስቱ ኃይለ ገብርኤልን ፈልገው አገኙት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። "ውሉ እዚያ ድረስ ነው፤ የቀረው በጀት ሲገኝ ይቀጠላል ተብሏል። እኔ የተዋዋልሁትን ሠራሁ" አላቸው።

"ምነው ያን ጊዜ ሳትናገር?"

"የጠየቀኝ አለ? ሕዝቡ አሜን ሲል እርስዎም ነበሩ እኮ፣ መሪጌታ።"

ወለላ ጎረቤት ተጠግታ ከረመች። ማክሰኝት ያለችው እህቷ ነይ ትላታለች። እሷ ግን ደንበኞቿንና ሐይቁን ጥላ መሄድ ከበዳት። "ቦዩ ዘንድሮ ከተቀጠለ ቤቴን መልሼ አቆማለሁ፤ ካልሆነ ለጎርፍ ቤት አልሠራም" አለች። ጥቅምት ላይ የዓመቱ ሥራ ስብሰባ ሲጠራ መሪጌታ፣ "እኔው የዘጋሁብሽን እኔው እከፍተዋለሁ" ብለው ቃል ገቡላት።

ስብሰባው ረዘመ። የዘንድሮው ሥራ የላይኛው ሰፈር የድንጋይ ንጣፍ ነው ተባለ። ስለ ቦዩ ያነሣ የለም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ቦዩ አላለቀም" አሉ።

ያ ድምፅ ሲሰማ ከኋላ ያለው ሕዝብ፣ ቃሉን ሳይለይ፣ መዳፉን ዘረጋ። "አሜን!"

"ኧረ ምርቃት አይደለም! የሰው ቤት ፈርሷል ነው የምላችሁ!"

"አሜን!" አለ አሁንም የኋላው ሕዝብ። ከፊት ሆነው ቃሉን ከሰሙት የአንዳንዱ ከንፈር በሳቅ ተንቀጠቀጠ። በሩ አጠገብ የቆመችው ወለላ እንኳ፣ እጆቿ በልማድ ተዘርግተው ኖሮ፣ ከመሪጌታ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ደንግጣ ሰበሰበቻቸው።

አንዳርጋቸው ብድግ አለ። "ተባርከናል መሪጌታ። ከአሜን በኋላ ቃል አይደረብም፤ ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።"

ወንበር ተንኳኳ፤ ሰው እየተጋፋ ወጣ። መሪጌታ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ።

ወለላ ዕቃዋን ሸክፋ ማክሰኝት ልትሄድ ስትነሣ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። አውቶቡሱ ደጅ ጎንበስ ብላ፣ "እንግዲህ ይመርቁኝ" አለች።

"አይሆንም። መጀመሪያ ያለሽን ሁሉ ተናገሪና ጨርሽ" አሏት።

ወለላ ግራ ገባትና ሳቀች። ከዚያ ጀመረች፦ ስለ ፈረሰው ጓዳዋ፣ ስለ አሳ አጥማጆቹ ዱቤ፣ ትምህርት ቤት ስለሚቀይሩት ልጆቿ፣ በእሳቸውም ስለ ተቀየመችው ቅያሜ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሾፌሩ ክላክሱን አስጮኸ። ወለላ ገብታም በመስኮቱ መናገሯን ቀጠለች፤ አውቶቡሱ ሲነሣ ገና አልጨረሰችም ነበር።