ሦስት ሚሊሜትር

ካርታ ነዳፊዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ መስኮት ሥር፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርተዋል። ቀያሾች የሚያመጡትን ልኬት በማጉያ መነጽር እያዩ በቀለም ወደ ወረቀት ይገለብጡ ነበር። ተራራውንና ከጀርባው ያለውን የባሕር ዳርቻ፣ ጎራ ከሸለቆ ሳይቀር፣ በቃላቸው ይወጡታል፤ እግራቸው ግን አንድም ቀን አልረገጠውም። ጡረታ ሲወጡ ባልደረቦቻቸው ድንኳን ሰጧቸው። ሁሉም ሳቀ። ባለቤታቸው ግን፣ እሳቸውም ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ ነገሩን ከቁም ነገር ቆጠሩት።

«በይ እንግዲህ፣ ስትነድፊው የኖርሽውን አገር በእግራችን እንየው» አሏቸው።

ጉዞው የሦስት ቀን ነበር፤ ተራራውን ወጥቶ በማዶው ወደ ባሕሩ መውረድ። የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ሴትዮዋ በየኩርባው ራሳቸው የነደፉትን ካርታ ዘርግተው «አሁን ትልቅ ቋጥኝ ይመጣል» ይላሉ፤ ቋጥኙም ቀጠሮ እንዳለው ሰው ከተባለበት ስፍራ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሹፌሩ «በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሰዓት አክባሪ ተሳፋሪ አላጋጠመኝም» እያሉ ሳቁ።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ውሃቸው ተመናመነ። ካርታው ከመንገዱ በስተግራ ምንጭ መኖሩን በሰማያዊ ነጥብ ያመለክታል። ከቦታው ሲደርሱ ግን መንገደኞች በድንጋይ የደረደሩት ቀስት ወደ ቀኝ ያሳያል።

«ድንጋዩ ወደ ቀኝ ነው የሚለው» አሉ ሹፌሩ።

«ድንጋይ ማንም ይደረድራል። ይህን ካርታ ሦስት ሰው አጣርቶ ፈርሞበታል።»

«እኔ መቼም ከምልክት ጋር ተሟግቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ሹፌሯ እኔ ነኝ፤ ተከተለኝ።»

ወደ ግራ ወረዱ። እሾህና የተሰነጠቀ አፈር እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። አንድ ሰዓት ያህል ፈለጉ። ሹፌሩ ኮዳውን ነቅነቅ አድርገው «ምንጩን ካርታሽ ራሱ ጠጥቶታል መሰለኝ» አሉ።

ሴትዮዋ አልሳቁም። ጥማቱን ይችሉት ነበር፤ ያልቻሉት የሠላሳ አንድ ዓመት ልፋታቸው ሰው የማያምነው ወረቀት ሊሆን መቃረቡን ነው። አንዱ ነጥብ ከዋሸ ለቀሩት ማን ዋስ ይሆናል?

ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማጉያቸውን አወጡ። ከመንገዱ በስተቀኝ የተራራው ስም በትላልቅ ፊደላት ተዘርግቷል። ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ነጥቡ ከስሙ ፊደል ላይ ሊያርፍ ነበር፤ ፊደል የሚነካ ምልክት ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ክልክል ነው። ስሙ አስቀድሞ በቀለም ስለ ተጻፈ፣ ነጥቡን ሦስት ሚሊሜትር ገፍተው መንገዱን አሻገሩት። በጠረጴዛ ላይ ሦስት ሚሊሜትር፣ በምድር ላይ መቶ ሃምሳ ሜትር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጽሕፈቱ እንዳይበላሽ ብዬ ውሃውን አሻገርኩት።»

ሹፌሩ የቀረችውን አንድ ጉንጭ ውሃ ሰጧቸው። «እኔም አንድ ጊዜ ሙሉ አውቶቡስ ይዤ የሰው ግቢ ገብቻለሁ። የኋላ ማርሽ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ተነሺ።»

ተመልሰው ቀስቱን ተከተሉ። ከአለቱ ሥር ውሃው ይንፎለፎላል። ጠጡ፤ ፊታቸውን ታጠቡ። ሴትዮዋ በእርጥቡ አፈር ላይ የታተመውን የብዙ ሰው ዱካ ሲያዩ አንድ ነገር ገባቸው፦ ድንጋዩን የደረደሩት እንደ እሳቸው ወደ ግራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ካርታውን ተሳድበው አልጣሉትም፤ አረሙት እንጂ።

በማግስቱ ማታ ባሕሩ ዳር ድንኳናቸውን ተከሉ። ጧት ሴትዮዋ ካርታውን ይዘው ዳርቻውን ተከትለው ሄዱ። አሸዋው የሚታጠፍበት፣ ጥቁሩ አለት ወደ ውሃው የሚገባበት፣ ሁሉም በየቦታው ነበር። ተመልሰውም ከማስታወሻ ደብተራቸው ወረቀት ገንጥለው ለመሥሪያ ቤቱ፣ በቅጹ ልክ፣ የእርማት ማስታወሻ ጻፉ። የሌሎችን ሲቀበሉ ኖረዋል፤ የራሳቸውን ሲጽፉ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ስህተቱን የፈጸመው» ከሚለው ትይዩ ስማቸውን፣ «ስህተቱን ያመለከተው» ከሚለው ትይዩ «ባለቤቴ፣ የአውቶቡስ ሹፌር» ብለው አሰፈሩ።

ሹፌሩ አጎንብሰው አነበቡና «ደግሞ የት ልትወስጂኝ ነው እንዲህ የምታሞግሺኝ?» አሉ።

«በስተሰሜን ያለውን ገደል የነደፍኩት ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው። በሚመጣው ዓመት ሄደን ማየት አለብን።»

«እሺ፤ ውሃውን እኔ እይዛለሁ። አንቺ እርሳስ ያዢ።»