የብርነሽ ነቀዞች

ጣሃ ብርነሽን ከሱቁ በር ላይ ሲያያት መጀመሪያ "እንኳን ደህና መጣሽ" ይላል፤ ከዚያ ሌላ ደንበኛ አለ ወይ ብሎ ዞር ዞር ይላል። ምክንያት አለው። ሻርጃ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬና እህል የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ የዚህ የወሎ ሰው እንጀራው ናት፤ ብርነሽ ደግሞ ገብታ የምትጠይቀው ጥያቄ ማንንም ነጋዴ የሚያሳብድ ነው።

"ጣሃ፣ ነቀዝ ያለበት ስንዴ የለህም?"

"ኧረ በአላህ፣ ቀስ በይ! የባለዲያ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ቢሰማሽ ሱቄን ያሽግብኛል!"

"ታዲያ ነቀዝ የናቀውን እህል እኔ ልብላው?"

"ዋላሂ እንዳንቺ ያለ አላየሁም! ሰው ነቀዝ አለበት ብሎ ይመልሳል፣ አንቺ የለበትም ብለሽ ትመልሻለሽ!"

ብርነሽ አትስቅም። ከጆንያው አንድ እፍኝ ታፍስና ወደ ብርሃን ታስጠጋዋለች። ፍሬው ድፍን ነው፣ ያምራል፣ አንድም የተቦረቦረ የለም። ይኼ ነው የሚያስጠላት።

የደብረ ታቦር ልጅ ናት። እዚህ ዓረብ አገር የገባችው በኤጀንሲ፣ በቤት ሠራተኝነት ነበር፤ ከስንት ማዳም ጋር ተጣልታ፣ ከስንቷ ጋር ተላቅሳ፣ አሁን ሻርጃ አንዲት ደግ ማዳም ቤት ቀን ቀን ምግብ ታበስላለች። እጇ ወርቅ ነው ይሏታል። ግን ከምታበስለው ውስጥ አንዲት ጉርሻ ወደ አፏ አይገባም። የማዳም ልጆች የተቀቀለ በቆሎ በቅቤ ሲግጡ "ውይ በሞትኩት" እያለች በሆዷ ታዝንላቸዋለች፤ እሷ ጥግ ይዛ ከቤቷ ያመጣችውን በሶ ትበጠብጣለች። ቲማቲሙን ስትከትፍ "ይኼ ቲማቲም ነው ወይስ ኳስ?" ብላ ትሰድበዋለች። አንድ ጊዜማ አንዱን መስኮት ላይ አስቀምጣ እስኪበሰብስ ጠበቀችው። ቲማቲሙ አልበሰበሰም፤ ማዳም አገኘችውና ሰላጣ ውስጥ ከተተችው።

ይኼን ሁሉ ፍርሃት ያመጣው ስልኳ ነው። የአገር ልጆች በሚጻጻፉበት የስልክ ቡድን ውስጥ በየቀኑ የድምፅ መልእክት ይላካል፤ አንድ ስሙ የማይታወቅ፣ ድምፁ ግን እንደ ዳኛ የሚያስፈራ ሰውዬ "ወገኖቼ፣ ጂኤምኦ የሚባል እህል መጥቷል" ይላል። ዘሩን ላቦራቶሪ ውስጥ ለውጠውታል፣ የነካው ትል ይሞታል፣ ሴት ከበላችው ማህፀኗ ይደርቃል ይላል። ብርነሽ ስለ ላቦራቶሪ ምንም አታውቅም። ስለ ትል ግን ታውቃለች። ትሉን የሚገድል ነገር ሰውንስ ምን ሊያደርገው ነው? ብላ አሰበች፤ እውነቴን ነው፣ ያን ያህል የሚያስቅ ሐሳብ አይደለም።

ወንድሟ ከማሳው የላከው ስንዴ በመንገደኛ ሻንጣ መጥቶ ሲፈታ ነቀዝ ሲርመሰመስበት አየች። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። ብርነሽ እልል አለች። ከነነቀዙ ትልቅ የማር ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣ፣ አፉን በስስ ጨርቅ አሰረችውና ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ነቀዝ ያልቀመሰው እህል እሷ ቤት ድስት አያይም።

ቤቷ ያለው ከሻርጃ ቀጥሎ ባለችው ከተማ፣ አጅማን ነው። አብረዋት የሚኖሩት የታላቅ እህቷ ልጅ ሃናና የሃና ባል ሲሳይ ናቸው። ሲሳይ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ካለ መጋዘን ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ከባድ መኪና አይፈራም፣ ነፍሳት ሲያይ ግን ወንበር ላይ ይወጣል። ጠርሙሱን "የእቴቴ ላቦራቶሪ" ብሎ ሰየመው።

ሃና ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ፅንስ ወርዶባት ቤቱ በሙሉ አልቅሷል፤ ስለዚህ አሁን ሦስቱም የሚተነፍሱት በጥንቃቄ ነው። ብርነሽ ያንን የድምፅ መልእክት ያገኘች ዕለት ቀድማ የላከችው ለሃና ነበር። ከሥሩም የራሷን ድምፅ ጨመረችበት፦ "ሰማሽ ሃኒዬ? ባለፈውም እኮ ይኼው ይሆናል። በማርያም፣ የፈረንጅ እህል ወደ አፍሽ እንዳታስጠጊ!"

ሃና አክስቷን ከጳጳስ በላይ ታምናለች። ዳቦ ተወች። ሩዝ ተወች። ምስሩ ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ እሱንም ተወች፣ ዘይቱንም፣ ፍራፍሬውንም። የምትበላው ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣውን ሽሮና በሶ ብቻ ሆነ። ሻንጣ የሚያመጣ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም።

ኡድ ሜታ የሚባል ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ለክትትል ሲሄዱ ነርሷ ትርሲት ሆዷን ለክታ፣ ወረቀቱን አይታ ፊቷ ተለወጠ። ትርሲት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ቁጣዋን በፈገግታ ነው የምታቀርበው።

"ሃንዬ፣ ደምሽ ወርዷል። ልጁም በሚገባው ልክ እያደገ አይደለም። ምንድን ነው የምትበዪው?"

ሃና አክስቷን አየች። ብርነሽ ወለሉን አየች።

"በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልተሻሻለ ሆስፒታል ትተኛለች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እንዳልናገር።"

"ሲስተር" አለች ብርነሽ፣ "ይኼ ጂኤምኦ የሚሉትስ?"

"መጠየቅዎ ጥሩ ነው፣ እትዬ ብርነሽ። አዎ፣ ዘረ መሉ ተቀይሮ የሚመረት በቆሎና አኩሪ አተር አለ። ዘሩ የማን ነው፣ ገበሬው ምን ይሆናል ብለው የሚከራከሩ አዋቂዎችም አሉ፤ ክርክሩ የውሸት አይደለም። ማህፀን ያደርቃል የሚባለው ግን ማንም ያላሳየው ወሬ ነው። ምስር ደግሞ እንዲያ ተደርጎ ገበያ ላይ የዋለ የለም። እኔም ልጆቼን የወለድኩት ከዚሁ ገበያ እየበላሁ ነው።"

በመመለሻው መንገድ መኪናው ውስጥ ብርነሽ ከኋላ ተቀምጣ የሃናን ቀጭን አንገት አስተውላ አየች። ልጅቷ እህል ትታ የእሷን ቃል ስትበላ ነው የከረመችው! እንዲህ አድርጋ ራሷን ረግማ አታውቅም።

ቤት እንደገቡ ምስር ወጥ ሠራች፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ሃና ፊት አቀረበች።

"ብይ የኔ ልጅ። ሲስተር ምንም የለውም ብላለች።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ አትንኪ ያልሽኝ?"

"ተሳስቼ ነው በያ!"

"ያን ጊዜ ነው የተሳሳትሽው ወይስ አሁን?" ሃና እንባዋ መጣ። "እቴቴ፣ ሁለተኛ ቢወርድብኝ እኔ አልችለውም። ነቀዞቹ ይመስክሩ። እነሱ ከበሉት እኔም እበላለሁ።"

ወይ ጉድ! ብርነሽ ራሷ ያስተማረችው ትምህርት ተመልሶ አፏን ዘጋት። ከጣሃ ሱቅ ያንን የሚያምር፣ ድፍን፣ ነቀዝ የማያውቀው ስንዴ ገዝታ ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረች፤ ከወንድሟ ስንዴ ላይ ነቀዞቹን ከፍላ ወደዚህኛው አዛወረቻቸው።

ነቀዞቹ በመጀመሪያው ቀን በመስተዋቱ ላይ ሽቅብ መውጣት ያዙ። ብርነሽ ከሥራ በፊት ጠርሙሱ ላይ ተደፍታ ትለማመጣቸው ጀመር። "ብሉ እንጂ፣ እናንተ ከይሲዎች! አገር ቤት እኮ ጎተራ ሙሉ ትጨርሳላችሁ!" ማዳም ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ሐሳቧ ነቀዞቹ ጋ ነበር። ማግስቱን ወደ ፍሬው ወረዱ። ሃና ያንን አይታ ዳቦ ቆርሳ ጎረሰች፤ ከዚያ ጥቂት ምስር። ብርነሽ ለእመቤታችን ሻማ ተሳለች።

ከዚያ ሲሳይ አንድ ነቀዝ ትራሱ ላይ አገኘ።

"እኔ ወይስ እነሱ?" ብሎ ፎከረ። ሁለቱንም ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ በረንዳ ላይ አወጣቸው፤ አንዱን በሩ አጠገብ አኖረ፣ ሌላውን ከልብስ ማስጫው ወዲያ። ከዚያ ፎጣውን ይዞ ሥራ ሄደ። ጊዜው ሐምሌ ነበር። የአጅማንን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ካለ አንድ ነገር ብቻ ልንገረው፦ በዚያ ወር በረንዳ ላይ የሚረሳ ነገር ሁሉ ይበስላል።

ከሰዓት በኋላ ብርነሽ በሩን ስትከፍት ሃና መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሳህኑ ከነምግቡ ተገፍቶ ጥግ ላይ አለ።

"ሞቱ!" አለች። "እቴቴ፣ ሁሉም ሞቱ! እኔ ደግሞ በላሁት!"

ብርነሽ በበረንዳው የመስተዋት በር አሻግራ አየች፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ጠርሙስ ውስጥ የጣሃ ስንዴ ላይ ነቀዞቹ በጀርባቸው ተንጋለው እግራቸውን ሰብስበዋል። ያ ስሙ የማይታወቀው ሰውዬ ጆሮዋ ውስጥ "አላልኳችሁም?" ያላት መሰላት። ለአፍታ ሁሉንም አመነችው። ልጅቷን በገዛ እጄ ገደልኳት፣ አለች በልቧ።

በረንዳው ላይ የወጣችው ጠርሙሱን አንስታ ልትጥለው ነበር። ስትነካው ግን ጣቷን ለበለባት። "ኡፍ!" ብላ ወደኋላ ስትል ከማስጫው ወዲያ ያለው ሌላኛው ጠርሙስ ታያት። የወንድሟ ስንዴ። ጎንበስ ብላ አየችው። እዚያም አንድ የሚንቀሳቀስ የለም። እዚያም ሁሉም ተንጋለዋል።

የወንድሜ ስንዴ ነቀዝ ገደለ? ወንድሜ ላቦራቶሪ ከፈተ እንዴ? ከዚያ እናቷ ትዝ አለቻት፤ እህሉ ሲነቅዝ ቁርበት ላይ አስጥታ፣ ልጅቷን ብርነሽን ዶሮ እንድትከላከል አስቀምጣ፣ "ፀሐይ ትጨርሳቸዋለች" ስትል። ይኼንን የማያውቅ የደብረ ታቦር ልጅ የለም! እሷ ናት እንግዲህ፣ ፊደል ሳትቆጥር ያወቀችውን ነገር በድንጋጤ የረሳችው።

ሳቋ ከሆዷ ፈንቅሎ ወጣ። በረንዳው ላይ ልትቀመጥ ስትል ወለሉ አቃጠላትና እየዘለለች ገባች።

"ምን ሆንሽ?" አለች ሃና ደንግጣ።

"ፀሐይ ናት! የአጎትሽም ስንዴ ላይ ሞተዋል! ያ ባልሽ... ጠብሷቸው ነው!"

ሃና ተነሥታ ሁለቱንም ጠርሙስ በመስተዋቱ በኩል አየች። እንባዋ ሳይደርቅ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ሆዷን ደግፋ ሳቀች፣ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሃና ወደ ሳህኑ አልተመለሰችም።

"ታዲያ አሁን ማን ይመስክርልኝ?" አለች ቀስ ብላ።

ብርነሽ ወጥ ቤት ገባች። ከጣሃ የገዛችው ስንዴ ትርፍ ነበር፤ እሱን አጥባ ንፍሮ ጣደች። ከማዳም የተሰጣትን፣ ለማንም ሳትነግር ልትጥለው ያስቀመጠችውን በቆሎም አወጣችና አብራ ቀቀለችው። ሲበስል ትልቅ ሳህን ሙሉ ይዛ ሃና ፊት ተቀመጠች፤ አማተበችና አንድ እፍኝ ጎረሰች። ይኼንን የበቆሎ ጣዕም አፏ ረስቶት ነበር። ጣፋጭ ነው፣ ጉድ ነው!

"እቴቴ... አትፈሪም?"

"እፈራለሁ እንጂ! አሁንም እፈራለሁ። ግን የኔ ልጅ፣ ከዚህ በቆሎ ይልቅ የሚያስፈራኝ ያንቺ ባዶ ሆድ ነው። ያንን ፍርሃት የከተትኩብሽ እኔ ነኝ። እንግዲህ የሚመጣ ነገር ካለ ለሁለታችንም ይምጣ።" ሌላ እፍኝ አነሣች። "ባይሆን ቶሎ በይ፣ ልጨርሰው ነው።"

ሃና እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። ሲሳይ ማምሻውን ሲገባ ሁለቱ ሴቶች የመጨረሻዋን የበቆሎ ፍሬ ሲሻሙ አገኛቸው፤ ስለ ጠርሙሶቹ የሰማውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

መስከረም ላይ ሃና ሴት ልጅ ወለደች። ሲስተር ትርሲት ሕፃኗን መዝና "ይቺማ ጎረምሳ ናት!" አለች። ብርነሽ ገንፎ አገንፍታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ሆስፒታል ይዛ መጣች። ዱቄቱን የላከው ጣሃ ነበር፤ "እንኳን ማርያም ማረቻት በይልኝ፤ ዱቄቱ ነቀዝ የለበትም፣ አፉ በይኝ" ብሎ።

ሃና ማንኪያዋን ቅቤው ውስጥ ነክራ ወደ አፏ ስታስጠጋ የብርነሽ ስልክ ጮኸ። ያ ሰውዬ ነበር፤ አዲስ የድምፅ መልእክት፣ ርዕሱ ስለ እመጫት ምግብ። ብርነሽ ከፈተችው፤ "ወገኖቼ፣ ለእመጫቶቻችሁ..." ሲል ገና ዘጋችው። የሃና ማንኪያ አየር ላይ ቆሟል።

"ምንድን ነው እቴቴ? ምን አለ?"

ብርነሽ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋችው።

"ሲስተርን የምጠይቃት ነገር ነው። አንቺ ብይ።"

ሃና በላች።