ያላሳለው ሰው

ቻንግ ቦክ በደቡብ ኮሪያዋ ጋንግጂን የገጠር መንገዶች ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣ ለተሳፋሪም ለትራፊክም የማይበገር ሰው ነበር። በስድሳ ስምንት ዓመቱ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ሰለለ። ከሁሉ የከፋው ግን ጉሮሮው አልታዘዝ ማለቱ ነው። ሐኪሞቹ ወደ ሳንባው ይገባል ብለው በአፉ ምንም እንዳይወስድ ከለከሉት፤ ምግቡም ውሃውም በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ይወርድለት ጀመር። ማልሱን የተባለችው ሚስቱ ሽታው እንዳይፈትነው ኪምቺዋን፣ ያንን በበርበሬ የተብላላ ጎመን፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማ ትበላ ነበር።

ረሃቡን ቻለው፤ ጥሙ ግን አሳበደው። በአርባኛው ቀን፣ ማልሱን ልብስ ልታጥብ ስትወርድ፣ የጎረቤት በሽተኛ ያስቀመጠውን የገብስ ሻይ በግራ እጁ ስቦ ሦስት ጉንጭ ጠጣ። ከዚያ ሰውነቱን አኮማትሮ ጠበቀ። አላሳለም፣ ትንም አላለውም። ሐኪሞቹ በከንቱ ሲያስፈራሩት እንደከረሙ ቆጠረው።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ እንደ እሳት ነደደ። የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ ሳምንት ሙሉ በኦክስጅን ተነፈሰ። ሲሻለው ሻዩን መጠጣቱን ራሱ ተናዘዘ። መዋጥ የምታለማምደው ወጣቷ ባለሙያ ጁሂ አልተቆጣችም።

«አባባ፣ ያላሳሉት ስለዳኑ አይደለም» አለችው። «ውሃው ሳንባዎ ሲገባ ጉሮሮዎ አልሰማም። ሌባ ገብቶ ያልጮኸ ውሻ በሉት።»

ከዚያ አንዲት አጭር መንፊያ አስያዘችው። ውስጧ በሽቦ ሞላ የተያዘ ክዳን አለ፤ በኃይል ካልነፉባት አየር አታሳልፍም። ትንፋሽ የሚያስወጣው ጡንቻ ሲበረታ ሳሉም መዋጡም እንደሚበረታ አስረዳችው። አምስት ጊዜ መንፋት፣ ማረፍ፣ እንደገና አምስት፤ በቀን አምስት ዙር።

የመጀመሪያ ቀን አየሩ በተጣመመው ከንፈሩ ሾልኮ ወጣ። ማልሱን ከንፈሩን በሁለት ጣቷ ገጠመችለት።

«ተይኝ» አለ፣ ምላሱ እየተኮላተፈ።

«በሰው ከብት ላይ ሠላሳ ዓመት ጥሩምባ ስትነፋ አልደከመህም፤ ዛሬ ነው የደከመህ? ንፋ።»

በአራተኛው ቀን ክዳኑ ተከፈተ። ጁሂ ወዲያው ሞላውን አጠበቀችው፤ እሱም በሾፌር አፉ ረገማት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አዋዋጡ በራጅ የሚታይበት ምርመራ ደረሰ። ካልተሳካ ቱቦው ሆዱ ተበስቶ እንደሚገባ ዶክተሩ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ማልሱን ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ እጆቿን ጨበጠች። ቻንግ ቦክ በራጅ የሚታይ አንድ ማንኪያ ወፍራም ነጭ ነገር ዋጠ። ዶክተሩ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ነው።

«ይድገሙ።»

ደገመ። ሦስተኛው ያው ነጭ ነገር የተበጠበጠበት ቀጭን ውሃ ነበር። አንዲት ጥቁር ክር ወደ አየር ቧንቧው ስታዘነብል ራሱም ስክሪኑ ላይ አያት፤ ወዲያው ወንበሩ እስኪነቃነቅ ሳለ። አበቃልኝ አለ በልቡ። ዶክተሩ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዞረለት።

«ጠፍቶብን የከረመው ሳል ይኼ ነው፤ ውሃውን ከሳንባዎ መለሰው» አለው።

በማግስቱ የአፍንጫው ቱቦ ወጣ። የመጀመሪያዋን የሩዝ ገንፎ ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ፈጀበት፤ ማልሱን ዓይኗን ከጉሮሮው አልነቀለችም። ጨው ያንሰዋል ብሎ አማረረ። ውሃ ግን ገና ነው፤ በማወፈሪያ ዱቄት ካልወፈረ አይቀምስም፣ መንፊያዋንም ዛሬም በየቀኑ ይነፋል።