አል ሐሺሚ የጠበቀው ሕግ

ጎረቤቴ አል ሐሺሚ በትንሿ ከተማችን በተቡርሱቅ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ ጁምዓ የማያልፈው ሰው ነበር። ስልሳ የወይራ ዛፎቹን ከልጁ ከናዚሃ ጋር ይገርዛል። ወንድሟ ላስአድ በባሕር ዳርቻዋ በሱስ ከተማ ትዳር ይዟል።

አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲጸድቅ አል ሐሺሚ ጋዜጣውን ይዞ ቤቴ መጣ። የአገሪቱ ሃይማኖት እስልምና ነው የሚለውንም፣ ወንድና ሴት ዜጎች እኩል ናቸው የሚለውንም በእርሳስ አስምሮበታል። ሁለቱ አይጋጩም፣ ዓሊሞቻችን ያስታርቋቸዋል አለኝ። ከአራት ዓመት በኋላ የወንድና የሴት ልጅን ውርስ እኩል የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ሲቀርብ ደግሞ ደስታው ወሰን አጣ።

ናዚሃ ግን ቸኮለች። በሕይወት እያለ የዛፎቹን ግማሽ በስጦታ ውል እንዲያደርግላት ለመነችው።

«ስጦታማ ችሮታ ነው ልጄ» አላት። «እኔ የምፈልገው መብትሽ እንዲሆን ነው። ትንሽ ታገሺ።»

ታገሠች። ረቂቁ ኮሚቴ ውስጥ ተቀመጠ፤ ምርጫ መጣ፤ ቀጥሎ ምክር ቤቱ ራሱ ተዘጋ። ሌላ ሕገ መንግሥት በተጻፈበት ክረምት አል ሐሺሚን ደም ግፊት ጥሎት ምላሱ ተያዘ። ናዚሃ አንድ ውል አዋዋይ እቤታቸው ድረስ አመጣች። ሰውዬው ስጦታውን ይፈቅድ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። አል ሐሺሚ እያያት እንባው ወረደ እንጂ አንዲት ቃል አልወጣውም። አዋዋዩ «ይቅርታ እህቴ፣ በዚህ ሁኔታ አልችልም» ብሎ ዶሴውን አጠፈ።

በጥቅምት ቀበርነው። ላስአድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከእሷ እኩል አልቅሷል። ግን ነባሩ ሕግ ለወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ስለሚሰጥ አርባው ዛፍ ለእሱ፣ ሃያው ለእሷ ደረሰ።

«አባባ ምን ይፈልግ እንደነበር ታውቃለህ» አለችው።

«አውቃለሁ። ግን የአላህን ቃል የምለውጥ እኔ ማነኝ? ሕጉንም እኔ አላወጣሁትም።»

ኢማሙ ዘንድ ሄደች። ወንድምሽ ከወደደ ሊለቅልሽ ይችላል፣ ማስገደድ ግን አይቻልም አሏት። ላስአድ ይህንኑ ስትጠይቀው ሚስቴን ላማክር አላት፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣውም።

በኅዳር የላስአድ ቅጥር ሠራተኞች የእሱን ድርሻ ዛፎች በዱላ እየደበደቡ ወይራውን ሲያራግፉ ናዚሃ አየች። ለጋው ቅርንጫፍ ይሰበራል፣ በእጅ ልቀሙት ልትላቸው ወረደች። አለቃቸው ባርኔጣውን አውልቆ «እትዬ፣ የዛፎቹ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አላት።

«አይደለሁም» ብላ ተመለሰች።