ሁለት ስፒና ያለው ገመድ

የመብራት ሠራተኛ በሚኖርበት ሰፈር ዕረፍት የለውም። ከኮምቦልቻ ተዛውሬ መቀሌ ከገባሁ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ አግብቼ ጎጆ ከወጣሁ ጀምሮ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚንኳኳው የኔ በር ነበር። «ሓወይ፣ መብራህቲ መዓዝ እዩ ዝመፅእ?»፣ ወንድሜ መብራት መቼ ነው የሚመጣው፣ ይሉኛል ጎረቤቶቼ፣ ጓዳ የደበቅኩት ይመስል። እሁድ አይሉ፣ በዓል አይሉ። እኔም ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሠርቼ ከምሰሶው ስወርድ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ፣ ያመጣሁት እኔ ራሴ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ከሚሊኒየሙ በኋላ በነበሩት ዓመታት ባለቤቴ «ሶላር እናስገባ» ስትለኝ እንደ ስድብ ነው የቆጠርኩት። እሷ የመቀሌ ልጅ ናት። በጓሮ ክፍላችን በማስፈልፈያ ሣጥን ጫጩት ታስፈለፍላለች። እንቁላሉ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ሙቀቱ ሳይጓደል መቆየት አለበት፣ መብራቱ ደግሞ እንደ ልቡ ነው።

«የመብራት ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ሶላር! ባልደረቦቼ ምን ይሉኛል?» ብዬ ጮህኩባት።

«ዋእ! የሚበርደው አንተን ነው ወይስ እንቁላሉን?» አለችኝ።

ሶላሩ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ባትሪውና የባትሪውን ኃይል ለቤት የሚቀይረው ኢንቨርተር ሳሎን ጥግ ተቀመጡ። የመቀሌ ፀሐይ ሥራ አትፈታም፤ ወሩ ሳይሞላ እኔው ራሴ ለእንግዳ ሁሉ እያሳየሁ የምኩራራ ሆንኩ።

ችግሩ ኢንቨርተሩ ሳሎን፣ ማስፈልፈያው ጓሮ መሆኑ ነበር። በደንቡ ከሄድን፣ የቤቱን መስመር ወይ ከመንገዱ ሽቦ ወይ ከሶላሩ ብቻ የሚያገናኝ፣ ሁለቱን በፍጹም የማያነካካ ማቀያየሪያ መግጠም ነበረብኝ። ይህን ለሰው የማስተምረው እኔ ነኝ። ማቀያየሪያው ግን ገበያ ላይ ጠፋ፣ እኔም ቸኮልኩ። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ሠራሁላት። አንዱ ጫፍ ኢንቨርተሩ ላይ፣ ሌላው ጫፍ የግድግዳው ሶኬት ላይ ሲሰካ ቤቱ በሙሉ ከሶላሩ ይበራል። እንዲህ ያለ ገመድ ሰው ቤት ባገኝ ኖሮ በፒንሳ ቆርጬ፣ የቤቱን ጌታም ልክ ልኩን ነግሬው ነበር የምወጣው።

«ጊዜያዊ ነው፣ ለአንድ ሳምንት» አልኳት። «ከመሰካትሽ በፊት ብቻ ዋናውን ብሬከር አውርጂ።»

እሺ አለች። ሳምንቱ አምስት ወር ሆነ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዓይደር በኩል የነበረንን ሥራ ጨርሰን ስንመለስ፣ ከኛ ሰፈር ጀርባ ነፋስ ያላላው ሽቦ እንዳለ ተነገረን። የመስመሩ መጨረሻ ስለሆነ ሦስት ቤቶች ብቻ ናቸው የሚያገኙት፤ አንዱ የኛ ነው። ከትራንስፎርመሩ የሚያገናኘውን ፊውዝ በገዛ እጄ ነቅዬ የሦስቱንም ቤት መብራት አጠፋሁ፣ ፊውዙን ኪሴ ከተትኩና ምሰሶው ላይ ወጣሁ። ላይ ስደርስ ቀጭኑን ማሰሪያ ለመጠምዘዝ እንዲመቸኝ ጓንቴን አወለቅኩ።

«መጀመሪያ ፈትሽ» አለኝ ታች የቆመው አንጋፋ ባልደረባዬ።

«ፊውዙ ኪሴ ውስጥ ነው እኮ!»

«ፈትሽ አልኩህ።»

ዝም እንዲልልኝ ብዬ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካ የሚበራውን ቴስተር ሽቦው ላይ አስነካሁ። በራ።

እንደ ሞኝ ኪሴን ዳበስኩ። ፊውዙ አለ። ከትራንስፎርመሩ የሚመጣ ምንም ነገር የለም፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከባዶ እጄ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ከሦስቱ ቤቶች ሶላር ያለው የትኛው እንደሆነ ትዝ አለኝ። እንዴት እንደወረድኩ ዛሬም አላውቅም።

በሩጫ ቤት ገብቼ ኢንቨርተሩን አጠፋሁና ገመዱን ነቀልኩ። ባለቤቴ ከጓሮ መጣች።

«ብሬከሩን አውርጂ አላልኩሽም?»

«መብራት ሄዷል እኮ! ከሄደ በኋላ ምኑን ነው የማወርደው?» ብላ እሷም ጮኸችብኝ።

እውነቷን ነው። ሁላችንም ስናውቀው መብራት ወይ ይመጣል፣ ወይ ይሄዳል። ብሬከሩ ካልወረደ ከኛ ሳሎን ተነሥቶ ወደ መንገድ እንደሚወጣ ማን ነገራት? «አውርጂ» ብዬ አዘዝኩ እንጂ ለምን እንደሆነ አልተነፈስኩም። አዋቂ ነኝ ባይ ሰው በሽታው ይህ ነው።

«ከዚህ የወጣው ከጀርባ ያለው ምሰሶ ድረስ ሄዷል» አልኳት። «እኔ እዚያ ላይ ነበርኩ። ጓንት አላደረግኩም ነበር።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ማስፈልፈያው እየቀዘቀዘ እንደሆነ ሁለታችንም ረሳነው። በጣም ፈርቼ ነበር፤ ከሞት ይልቅ ያስፈራኝ ግን እሷ ዕድሜ ልኳን ምን ይዛ ትኖር ነበር የሚለው ነው።

በዚያው ቀን ወደ ውቅሮ መውጫ ካሉት ወርክሾፖች አንዱ ጋ ማቀያየሪያ አገኘሁና ገጠምኩ። ገመዱንም ቆራረጥኩት። ከእንቁላሎቹ ከፊሎቹ ተበላሹ፣ የቀሩት ተፈለፈሉ።

ሶላር አስጠላህ ወይ የሚለኝ አለ። እንዲያውም! ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ላይ ሶላር ያየሁበትን ቤት ሳልጠራ ገብቼ ማቀያየሪያ አለው ወይ እላለሁ። ለባልደረቦቼም ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከየጣሪያው የተረፈው አንድ ቀን በደንቡ መሠረት፣ በቆጣሪ ወደ መስመሩ ይገባል፣ ጎረቤትም ከጎረቤት መብራት ያገኛል። ይሆናል ወይ ብዬ አልጠራጠርም። ሲወጣ አይቼዋለሁ። የቀረው ሥርዓት ማስያዝ ነው።

ባለቤቴ ግን መብራት በሄደ ቁጥር የማቀያየሪያውን እጀታ ከመንካቷ በፊት ትደውልልኛለች።

«የት ነህ? ምሰሶ ላይ ነህ?»

«አሁን ብትፈልጊም ወደ መንገዱ አይወጣም እኮ» ብዬ ስንት ጊዜ አስረዳኋት። «አንዱ ሲገናኝ ሌላው ይቆረጣል።»

«ገብቶኛል» ትለኛለች። «እሱን አልጠየቅኩህም። ምሰሶ ላይ ነህ ወይ?»

ምሰሶ ላይ ሳለሁ ስልኩ ከጠራ ሳላነሳው እወርዳለሁ። ከዚያ ደውዬ «መሬት ላይ ነኝ» እላታለሁ።