ከአማቴ ተደብቄ የረጨሁት ወይን

በትዳር ዘመኔ የዋሸሁትን ሁሉ ብሰበስበው አብዛኛው የአንድ የወይን ተክል ጉዳይ ነው። የቀረው ጥቃቅን ነው፤ ሚስቴም ታውቀዋለች።

ወይኑ የአማቴ ነው። አሜሪካ፣ ሜስኪት ከተማ ካለው ቤታችን ጓሮ፣ አጥሩ ሥር፣ በገዛ እጃቸው የተከሉት። ሚስቴ ልጃችንን አርግዛ ሳለ የደም ግፊቷ ሐኪሞቹን አሳስቧቸው ነበር። አማቴ ያኔ አሜሪካ ከገቡ መንፈቅ እንኳን አልሞላቸውም። ለእመቤታችን ተሳሉ፦ ልጃቸው በሰላም ከተገላገለች፣ በሕይወት እስካሉ ድረስ በየዓመቱ ለፍልሰታ ከራሳቸው ተክል ያደረቁትን ዘቢብ ለቁርባን ሊያስገቡ። ሚስቴ በሰላም ተገላገለች። አማቴ ልጅቷን ታቅፈው ሳይጠግቡ ችግኝ ካልገዛህልኝ ብለው ያዙኝ።

«ዘቢቡን ከሱቅ ገዝተን ብናስገባስ እማማ?» አልኳቸው።

«የተሳልኩት እኔ ነኝ ወይስ ሱቁ?» አሉኝ። ችግኙን ገዛሁ።

ወይኑ በሦስተኛው ዓመት አፈራ፤ ያ ማፍራት ከተባለ። ፍሬው ሽምብራ ያክላል፤ ግማሹን ወፍ በላው። አማቴ የተረፈውን ትሪ ላይ አስጥተው፣ ነጠላ አልብሰው፣ የመኪናዬ ጣሪያ ላይ አወጡት። ከዚያ የበለጠ የሚግል ቦታ የለም ብለው ስላመኑ ያን ሳምንት ሥራ የምሄደው ሰው ለምኜ ነበር። በመጨረሻ የተገኘው አንድ እፍኝ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲያስረክቡ አንዲት ሴትዮ ፌስታሉን ገልጠው አዩና «ይቺው ናት?» አሉ።

አማቴ መኪና ውስጥ ከገቡ ጀምሮ ስለ አነዳዴ የሚያወሩ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት አንድ ቃል አልወጣቸውም። ቀይ መብራት ልጥስ ትንሽ ሲቀረኝ እንኳን ዝም አሉ። አንጀቴን በሉት።

ዌርሃውስ አብሮኝ የሚሠራ ፎርክሊፍት ነጂ አለ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ፍራፍሬ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ ዲቪ ደርሶት መጥቶ አሁን ዕቃ ያነሣል። ስለ ዕቃው ብትጠይቀው ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ስለ ፍሬ ከጠየቅከው ግን የምሳ ብሬክህ ያልቃል። የአማቴን ነገር ነገርኩት።

«ጅብሬሊን ነው የሚያስፈልግህ» አለኝ። «የተክል ሆርሞን ነው፤ ተክሉ ራሱም ይሠራዋል። ያንተ ዘር የሌለው ወይን ነው አይደል? ኦኬ፣ ዘር የሌለው ፍሬ ሆርሞኑ ያንሰዋል፤ ለዛ ነው የሚቀጭጨው። ሶ፣ ፍሬው ከያዘ በኋላ አንዴ ስፕሬይ ታደርገዋለህ። አንዴ ብቻ! ማለቴ፣ የከርሞው ዘለላ የሚጠነሰሰው ዘንድሮ እንቡጡ ውስጥ ነው። ኦቨር ካደረግከው ዘንድሮ ሰጥቶህ ለከርሞ ይነሣሃል።»

ከዚህ ሁሉ ትምህርት ጆሮዬ የያዘው «ዘንድሮ ሰጥቶህ» የሚለውን ነው።

በሚቀጥለው ግንቦት ዱቄቱ በፖስታ መጣልኝ። ዱቄቱ በውሃ ብቻ አይሟሟም፤ መጀመሪያ በትንሽ አልኮል መበጥበጥ አለበት። ጓደኛዬ የምን አልኮል እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቤት ውስጥ የነበረው አገር ቤት ደርሶ የመጣ እንግዳ ያመጣልን ካቲካላ ነው። ለእመቤታችን የተሳለውን ወይን ሆርሞን በካቲካላ በጥብጬ ረጨሁት ማለት ነው። ሲጻፍ ከሠራሁት ይልቅ ይከብዳል።

ቅዳሜ ጠዋት አማቴ ከሰፈር ሴቶች ጋር ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነበር የምረጨው። ከመጀመሪያው በኋላ ፍሬው በሳምንቱ ሲወፍር በዓይኔ አየሁት። እኔ ደግሞ የሠራ ነገር ካየሁ ማቆም አልችልም። ሁለተኛም ረጨሁ። ሦስተኛውን ረጭቼ መርጫውን ከባርቢኪው ምድጃ ኋላ እየደበቅኩ ሳለ አማቴ ከኋላዬ ቆመው አገኘኋቸው። ያን ቀን ቶሎ ተመልሰዋል። ካቲካላው እጄም ሸሚዜም ላይ ፈስሷል።

አሸተቱኝ። «አንተ ሰውዬ! በጠዋቱ?»

እውነቱን ብናገር ስለታቸው ላይ መድኃኒት ረጨሁ ማለቴ ነው። ብዋሽ ሰካራም ልባል ነው። በሁለት ሰከንድ ውስጥ አሰብኩና ሰካራምነቱን መረጥኩ።

«ትንሽ ቀምሼ ነው እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ፍሪጅ በሄድኩ ቁጥር ዓይናቸው ይከተለኝ ነበር፤ ወተት ስጠጣ ሳይቀር ብርጭቆውን ያዩታል።

ግን ወይኑ! እያንዳንዱ ፍሬ አውራ ጣቴን አከለ። ሁለት ትሪ ሙሉ ዘቢብ ወጣው። ለፍልሰታ ሲያስረክቡ እኚያው ሴትዮ «ምን አድርገውት ነው?» ብለው ጠየቁ። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው «እመቤቴን ለምኛት» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጫማዬን አየሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ፍጥነቴ፣ መስመር አቀያየሬ፣ የፍሬን አያያዜ አንድ በአንድ ተተቸ። እንደዚያን ቀን ተሰድቤ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለጓደኛዬ ልፎክርበት ነገርኩት። «ስንቴ ረጨኸው?» አለኝ። ሦስቴ ስለው ፎርክሊፍቱን አቆመ። «አለቀልህ» አለኝ።

በዚህኛው ፀደይ ወይኑ ቅጠል ብቻ ሆነ። የሚያምር፣ አረንጓዴ፣ አንድ ዘለላ የሌለበት ቅጠል። አማቴ ጠዋት ጠዋት እየወጡ ቅጠሉን እየገለጡ ከሥሩ ይፈልጋሉ። «አየህ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ብርዱን ሰበብ አደረግኩ። ከዚያ በረዶውን። ከዚያ የጎረቤትን ውሻ። ውሻው ደግሞ ዕውር ነው።

ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ካለቀ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ ከአማቴ ክፍል ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ይሰግዳሉ። ሐኪም ደረጃ እንኳን እንዳይወጡ የከለከላቸው ሴት፣ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው እየተነሡ እንደገና ይወድቃሉ።

ሚስቴን ኩሽና አገኘኋትና «አስቁሚያቸው እንጂ» አልኳት። «ኖ፣ እኔም ለምኛታለሁ» አለችኝ። «የንስሐ አባቷ ጉልበትሽን ያምሻል፣ ዳዊት ድገሚ ብለዋት ነበር። ስግደቱን ራሷ ላዩ ላይ አድ አደረገችው። ቀን በቀን አርባ።»

«ለወይኑ ብለው?»

«ወይኑ የነጠፈው ቤቱ ውስጥ ኃጢአት ስላለ ነው ትላለች።» ወደ እናቷ ክፍል አየት አደረገች። «መጠጥህን ማለቷ ነው። ሶ፣ የምትሰግደው ለአንተ ብላ ነው።»

ያን ቀን ሥራ አረፈድኩ። በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። አማቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ቅባት ይቀባሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዱቄቱን፣ ካቲካላውን፣ ሦስት ጊዜውን፣ ውሻውን ሳይቀር። ስጨርስ ቀና ብለው አላዩኝም።

«እና አትጠጣም?»

«አልጠጣም እማማ።»

«በእመቤታችን?»

«ለበዓል ከሚቀዱልኝ ሌላ አልቀምስም።»

«ተመስገን» አሉና ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ለወይኑ ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር እኮ። ዓመቱን ሙሉ ሲጨነቁ የኖሩት ለእኔ ኖሯል። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ቁጣው የመጣው ዕንባቸውን ከጠረጉ በኋላ ነው። «የእመቤቴን ስለት በካቲካላ! አንተ ውርደታም!» ከዚያ ስለ ዘንድሮው ስለት የንስሐ አባታቸውን ራሳቸው እንደሚጠይቁ፣ እኔ ግን ወደ አጥሩ ድርሽ እንዳልል ነገሩኝ። «ዐሥራ ስምንት ቀን ሰግጃለሁ» አሉ። «ለራሴ የቆረጥኩት አርባ ቀን ነው። የቀረውን አንተ ትጨርሳለህ፤ እኔ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ።»

በማግስቱ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ጀመርን። እሳቸው ሶፋ ላይ፣ ጉልበታቸውን በጋቢ ጠቅልለው። ዐሥራ አምስት ላይ ተንፍሼ ሳላበቃ «ተምታታብኝ መሰለኝ፣ ከዐሥር እንቀጥል» አሉኝ። ነጠላቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ሲያፍኑ አየኋቸው። ከዐሥር ቀጠልኩ። ሠላሳ አንድ ላይ ጉልበቴን ስላመመኝ የሶፋውን እግር ይዤ ተነሣሁ።

«እንዲህ ነው የሚያምዎት እማማ?» አልኳቸው።

«ከዚህ ይብሳል» አሉኝ። «ሠላሳ ሁለት።»